ሜሪ ፖፒንስ ለምን ትክዳለች?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የ7 ዓመት ልጅ አለችኝ። የሜሪ ፖፒንስን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየችው ቆጥሬ አልጨርሰውም። ለልደቷ መጽሐፉን ገዛሁላትና ማታ ማታ ከእንግሊዝኛው እያየሁ በአማርኛ አነብላት ጀመር። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆመናል። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሞግዚት ሌላ ሰው ናት። ትቆጣለች፣ ታመናጭቃለች፣ መስታወት ባገኘች ቁጥር ራሷን ታደንቃለች። ከሁሉ የባሰው ግን ልጆቹ በዓይናቸው ያዩትን ነገር ዓይኗን በጨው አጥባ ትክዳለች። ልጄ ‹ማሚ፣ ለምንድን ነው የምትዋሸው?› ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አጣሁ። ከፊልሙ ተወስዶ የተበላሸ መጽሐፍ ነው የገዛሁት? ጓደኛዬ ደግሞ ‹ዘረኛ ነው ተብሎ የታገደ መጽሐፍ ነው› ብላ አስደነገጠችኝ። ልተወው? ወይስ ለሕፃናት አሳጥረው ያዘጋጁትን ልግዛላት?»

መጽሐፉን አይተዉት። አሳጥረው ያዘጋጁትንም አይግዙ። ሙሉውን ይዘው ይቀጥሉ፤ አነባበብዎን ግን ትንሽ ይለውጡ። ይህን የምለው ለመጽሐፉ ስለማደላ ብቻ አይደለም (አዎ፣ አደላለሁ)። ልጅዎ የጠየቀችው ጥያቄ የመጽሐፉ እምብርት ስለሆነ ነው። እዚያ ደርሶ ማቆም ጨዋታው ሲደምቅ መብራት እንደማጥፋት ነው።

መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን ላስተካክል። መጽሐፉ ከፊልሙ አልተወሰደም፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው በ1934 ሲሆን የዲዝኒ ፊልም ለእይታ የበቃው በ1964 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመካከላቸው 30 ዓመት አለ። ልጅዎ አስቀድማ የተዋወቀችው ከኋለኛዋ ሴትዮ ጋር ነው። የፊተኛዋን ስታገኛት «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብትል አይገርምም።

ደራሲዋ ፒ. ኤል. ትራቨርስ ናት። ይህ የብዕር ስሟ ነው። ስትወለድ የወጣላት ስም ሄለን ሊንደን ጎፍ ነበር። ብዙ ሰው እንግሊዛዊት ይመስለዋል፤ የተወለደችው ግን አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ በ1899 ነው። አባቷ የባንክ ሠራተኛ ነበር። ከሥራ አስኪያጅነት ወደ ተራ ሠራተኛነት ዝቅ ተደርጎ ሳለ ሞተ። ያኔ እሷ 7 ዓመቷ ነበር፤ ልክ የልጅዎ ዕድሜ። ከዚያ በኋላ የቤተሰቡን ነገር አንድ የእናቷ አክስት ያዙት። አፋቸው ኮምጣጣ፣ እጃቸው ግን ለጋስ የሆኑ ሴት ነበሩ። ሜሪ ፖፒንስን ያነበበ ሰው ይህችን አክስት የሚያውቃት ይመስለዋል።

ትራቨርስ ፊልሙን አልወደደችውም። ዲዝኒ ፈቃድ ለማግኘት ለዓመታት ደጅ ጠንቷታል። በኋላ ብትስማማም የፊልሙን ጽሑፍ መስመር በመስመር እየተከራከረች ነው ያለፈችው። በምረቃው ምሽት አዳራሹ ውስጥ ስታለቅስ ታየች። በካርቱን የተሠሩት ክፍሎች ከነከኗት፤ ጣፋጭነቱም እንደዚያው። በ2013 የወጣ ሌላ ፊልም ይህን እንባ ልቧ የተነካ አስመስሎ አቅርቦታል። እሱን አይተው ከሆነ በዚያ አይፍረዱ።

ፊልሙ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። አምስት ኦስካር የወሰደ፣ ጁሊ አንድሩስን የዓለም ሰው ያደረገ ሥራ ነው። ግን የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። ፊልሙ የአንድ አባት ታሪክ ነው። ሥራው ልቡን ያደረቀው አባት አለ፣ ሞግዚቷ ትመጣለች፣ አባትየው ይለሰልሳል፣ ከልጆቹ ጋር ካይት (በገመድ የሚያዝ የወረቀት በራሪ) ያበርራል፤ የሷም ሥራ አለቀ፣ ሄደች። መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። አባትየው ሚስተር ባንክስ መዳን የሚያስፈልገው ሰው አይደለም። ጠዋት ወደ ሥራ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል፣ ይነጫነጫል፣ እንደማንኛውም ሰው። ልጆቹ ሁለት ሳይሆኑ አራት ናቸው፤ ከጄንና ከማይክል ሌላ ጆንና ባርባራ የሚባሉ ገና ጥርስ ያላወጡ መንታዎች አሉ። እናትየዋ በፊልሙ ለሴቶች የመምረጥ መብት የምትታገል ሴት ናት። በመጽሐፉ ግን ቤቷንና ሠራተኞቿን ለመቆጣጠር ሲያቅታት ነው የምናያት። ዘመኑም ይለያል። ፊልሙ 1910 ላይ ነው የተቀመጠው፤ መጽሐፉ ግን የራሱን ዘመን፣ የ1930ዎቹን ለንደን ይዟል። ቤተሰቡ የሚኖርባት የቼሪ ትሪ ሌን 17 ቁጥር ቤት በመንገዱ ላይ ካሉት ቤቶች ሁሉ ትንሿ ናት፤ ቀለሟም የተላላጠ ነው። ሚስተር ባንክስ ለሚስቱ ወይ ያማረ ቤት ወይ አራት ልጆች እንድትመርጥ ነግሯታል፤ ሁለቱንም አቅሙ አልቻለም።

ታዲያ መጽሐፉ ውስጥ ሜሪ ፖፒንስ ልትጠግን የመጣችው ምንድን ነው? ምንም። የምሥራቅ ነፋስ አመጣት፣ የምዕራብ ነፋስ ወሰዳት። ማንንም አታስተካክልም፣ ትምህርትም አትሰጥም። ይህን ልብ ካሉ ግማሹ ግራ መጋባት ይለቃል። በፊልሙ ዓይን ሲታይ ቁጣዋ ጉድለት ይመስላል፤ «ሊያስደስት የመጣ ሰው ለምን ይቆጣል?» ያሰኛል። በመጽሐፉ ግን ልታስደስት አልመጣችም። መጣች፣ በቃ። የሚያስደንቁ ነገሮች ደግሞ እሷ ባለችበት ይሆናሉ።

አመጣጧን አንድ ጊዜ እንደገና ያንብቡት። ነፋሱ ተወርውራ የመጣችውን ሴት ከበሩ ጋር ያጋጫታል፤ ቤቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ሚስስ ባንክስ የቀድሞ አሠሪ ምስክርነት ስትጠይቃት፣ የተከበሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ትተዋል፣ ያረጀ ነገር ነው ትላታለች። እናትየዋ ኋላ ቀር እንዳትባል ፈርታ ወዲያው ጥያቄዋን ታነሳለች። በኋላ የዕረፍት ቀን ጉዳይ ይመጣል። ሚስስ ባንክስ በየሦስተኛው ሐሙስ ከ2 እስከ 5 ሰዓት (በእንግሊዞቹ ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ) ትላለች። ሜሪ ፖፒንስ በየሁለተኛው ሐሙስ ከ1 እስከ 6 ታደርገዋለች። አሁንም «ጨዋ ሰዎች እንዲህ ነው የሚያደርጉት» በሚል። ሥራ ፈላጊዋ አሠሪዋን ስትቀጥር ማለት ነው። ይህ ቁጣ አይደለም፤ ቀልድ ነው። ሲያነቡት ድምፅዎን አያጠንክሩ። ፊትዎን ኮስተር አድርገው በእርጋታ ይበሉት። ልጆች ኮስታራ ቀልድ ከአዋቂ ቶሎ ይገባቸዋል።

ስለ መድኃኒቱም አንድ ነገር ልበል። ፊልሙ ውስጥ በስኳር ማንኪያ የተዘፈነለት ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም። እዚያ ከአንድ ጠርሙስ ለማይክል የእንጆሪ አይስክሬም፣ ለጄን የሎሚ መጠጥ፣ ለመንታዎቹ ወተት፣ ለራሷ ለሜሪ ፖፒንስ ደግሞ ረም የሚባል አልኮል ያለበት መጠጥ ይወጣል። ልጅዎ «ስኳሩስ?» ካለችዎ ይህ መልሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ክህደቱ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው የቆማችሁት። ሚስተር ዊግ የሚባል አጎት አለ። ልደቱ ዓርብ ላይ ከዋለ የሳቅ ጋዝ ይሞላውና እንደ ፊኛ ወደ ጣሪያ ይነሳል። ጄንና ማይክል ሲስቁ እነሱም ይነሳሉ። ጠረጴዛው ይነሳል፣ ሻዩ አየር ላይ ይጠጣል። ለመውረድ የሚያሳዝን ነገር ማሰብ ያስፈልጋል፤ ማንም ግን ሊያስብ አልቻለም። በመጨረሻ ሜሪ ፖፒንስ «ወደ ቤት መሄጃ ሰዓት ደርሷል» ትላለች። ሁሉም ዱብ! ከዚያ ሁሉ አሳዛኝ ነገር የተገኘው ይሄ ነው። ፊልሙም ይህን ትዕይንት በሌላ አጎት አሳይቶታል።

ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ ልጆቹ አጎትየው ስንት ጊዜ እንዲህ እንደሚሆን ይጠይቋታል። ትቆጣለች። አጎቷ የተከበረ፣ ሠርቶ አዳሪ ሰው መሆኑን ነግራ፣ ስለ መንሳፈፍ የሚባለውን ሽምጥጥ አድርጋ ትክዳለች። ልጅዎ «ትዋሻለች» ያለችው እዚህ ላይ መሆን አለበት።

ግን ገጹን ሳይዘጉ ቀጥሎ ያለውን ይመልከቱ። ጄንና ማይክል ከሷ በላይ አሻግረው ይተያያሉ። እውነት ነው ወይስ አይደለም? የሚመልስላቸው የለም። አውቶቡሱ ያንገጫግጫል። ሜሪ ፖፒንስ መካከላቸው ተቀምጣለች፤ ተቀይማለች፣ አትናገርም። ልጆቹ ደክሟቸዋል። ቀስ እያሉ ይጠጓትና በግራና በቀኝ ተደግፈዋት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። አልገፋቻቸውም። ይህን ምስል ልጅዎ ካላየችው ሴትየዋን ገና አላወቀቻትም። አፏ ሌላ፣ ጎኗ ሌላ።

ደግሞ ልብ አላሉት እንደሆነ እንጂ ፊልሙም ውስጥ ትክዳለች። አስፋልት ላይ በኖራ የተሣለው ሥዕል ውስጥ ገብተው በተመለሱበት ምሽት ልጆቹ ስለ ፈረስ እሽቅድምድሙ ሲያነሱ «እንደኔ ያለች የተከበረች ሴት?» ብላ ትቆጣለች። ልጅዎ ያን ያህል ጊዜ አይታው ያልከነከናት ወዲያው ለስላሳ የእንቅልፍ ዘፈን ስለሚከተል ነው። ፊልሙ ክህደቱን በስኳር ጠቅልሎ ሰጣት። መጽሐፉ ሳይጠቀልል ሰጣት።

ለምን ትክዳለች? ትራቨርስ ምክንያቱን አትነግረንም፤ ሆን ብላ ነው። እኔ ግን መጽሐፉ ውስጥ ሥራው ምን እንደሆነ ማሳየት እችላለሁ። አዋቂ ሰው የሚያብራራው አስማት ወዲያው ትምህርት ይሆናል። ሜሪ ፖፒንስ አፏን ከፍታ «አዎ ልጆች፣ የሳቅ ጋዝ እንዲህ ነው የሚሠራው» ብትል ነገሩ አለቀለት። ስትክድ ግን ነገሩ የልጆቹ ብቻ ይሆናል። መነጋገር ያለባቸው እርስ በርሳቸው ነው፤ መመርመር ያለባቸው ራሳቸው ናቸው።

መርማሪዎቹን ደግሞ መጽሐፉ ባዶ እጃቸውን አይሰዳቸውም። አሥረኛው ምዕራፍን ይመልከቱ። ልጆቹ በሌሊት ወደ እንስሳት ማቆያው ይጠራሉ። እንስሳቱ ወጥተው ይንሸራሸራሉ፤ በእንስሳቱ ቤት ውስጥ የታሠሩት ሰዎች ናቸው። ሙሉ ጨረቃ ሆና የሜሪ ፖፒንስ ልደትም በዚያው ሌሊት ዋለ። የእባቦቹ ጌታ የገዛ ቆዳውን ገፎ ስጦታ ይሰጣታል። በነጋታው ቁርስ ላይ ጄን ስላየችው ሕልም ታወራለች። ማይክልም ያንኑ አይቷል። ሜሪ ፖፒንስን ሲጠይቋት እኔ? በሌሊት? እንስሳት ማቆያ? ብላ ትቆጣለች። በዚያ መሐል ዓይናቸው ወገቧ ላይ ያርፋል። የታጠቀችው ወርቃማ የእባብ ቆዳ ቀበቶ ነው፤ ላዩ ላይ በተጠማዘዘ ጽሑፍ ከእንስሳት ማቆያው የተሰጠ ስጦታ መሆኑ ተጽፏል። ልጆቹ ምንም አይናገሩም። ለምን ይናገሩ? ያወቁትን አውቀዋል።

ስለዚህ ልጅዎ እንደገና ስትጠይቅዎ መልስ አይስጧት። «አስማቱን ለመደበቅ ብላ ነው» አይበሏት፤ «አዎ ውሸታም ናት» ብለውም አይፍረዱባት። «አንቺ ምን ይመስልሻል? ሆኗል ወይስ አልሆነም?» ይበሏትና ዝም ይበሉ። የ7 ዓመት ልጅ ማስረጃ መልቀም ትወዳለች። ቀበቶው ላይ ስትደርሱ ከእርስዎ ቀድማ እንደምትጮህ አልጠራጠርም።

አንድ ስጋት ግን አለ፤ ቀልድ አላደርገውም። ልጅ ያየውን «አላየህም» ማለት በእውነተኛው ሕይወት ይጎዳል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ መጽሐፉ ውስጥ ምስክሮቹ ሁለት ልጆች ናቸው፣ አንባቢዋ ሦስተኛ ምስክር ናት፤ ማንም የገዛ ዓይኑን እንዲጠራጠር አይደረግም። ነገር ግን በቅርቡ አዋቂዎች አንድ ትልቅ ነገር የደበቁት ወይም የካዱት ልጅ ካለ፣ ለሱ ይህ ክህደት ጨዋታ ላይሆን ይችላል። ያኔ መጽሐፉን ለአንድ ለሁለት ዓመት ማቆየት ይሻላል። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅም አልመክረውም፤ ቀልዱ አይገባውም፤ ኮስታራነቷ ብቻ ነው የሚቀርለት።

ስለ ራስ ወዳድነቷ የተናገሩት ልክ ነው። ሱቅ መስኮት ባየች ቁጥር ቆማ ራሷን ታያለች። ልጆቹ ብርድ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ግን አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ላይ፣ የገና ገበያው ጋ፣ ምን እንደምታደርግ ይመልከቱ። አፋቸው ላይ ፀጉር ያለባቸው አዲስ ጓንቶች አድርጋለች። ቀኑን ሙሉ በየመስታወቱ የምታደንቃቸው እነሱን ነው። ከሰማይ ማያ የምትባል ኮከብ ለእህቶቿ ስጦታ ልትገዛ ወርዳለች። ለሁሉም ገዝታ ስትጨርስ ለራሷ ምንም አልያዘችም። ሜሪ ፖፒንስ ጓንቶቹን ከእጇ አውልቃ ታደርግላታለች። ንግግር የለም፤ ማቀፍም የለም። ቤት ሲገቡ ሚስስ ባንክስ ጓንቶቹ የት እንደሄዱ ስትጠይቃት ሰጠኋቸው ብላ ታልፈዋለች። ያን ሁሉ መስታወት ለዚህች ሰዓት ሲባል ነው ያሳየችን። ቀድመው ከዘለሉት ጓንቶቹ ተራ ጓንቶች ይሆናሉ።

አሳጥረው ያዘጋጁትን አይግዙ ያልኩትም ለዚህ ነው። የሚያሳጥር ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው መስታወቶቹንና ቁጣዎቹን ነው። ቀጥሎ የሚሄደው ዘጠነኛው ምዕራፍ ነው፤ «ምንም ነገር አይሆንበትም» ተብሎ። እኔ ግን ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ብቻ አስቀር ብባል እሱን ነው የማስቀረው። መንታዎቹ አልጋቸው ላይ ናቸው። ከፀሐይ ብርሃን ጋር ያወራሉ፣ ከነፋሱ ጋር ያወራሉ፣ መስኮቱ ላይ ከሚያርፍ አንድ አፈኛ ወፍ ጋርም ያወራሉ። ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ ይህን ቋንቋ ያውቃል፤ ጥርስ ሲያወጣ ይረሳል። ከሰው ሁሉ ያልረሳችው ሜሪ ፖፒንስ ብቻ ናት። ወፉ «እናንተም ትረሳላችሁ» ብሎ ይሳለቅባቸዋል። መንታዎቹ አንረሳም ብለው ይምላሉ። ልደታቸው አለፈ፣ ጥርሳቸው ወጣ። ወፉ እንደወትሮው መጣና አወራቸው። ጆንና ባርባራ በጨዋታቸው ተጠምደዋል፤ የሚሰሙት ጩኸት ብቻ ነው። ወፉ ዓይኑን ይጠርግና አላለቀስኩም ብሎ ይከራከራል። (አያችሁ? እሱም ይክዳል።) ይህን ለልጅ ስታነቡ ድምፅዎ ሊሰበር ይችላል። አስቀድመው ለብቻዎ አንድ ጊዜ ያንብቡት።

ጓደኛዎ ያነሳችው ነገር መሠረት አለው፤ «የታገደ» የሚለው ግን ተጋኗል። ነገሩ ስድስተኛው ምዕራፍ ነው። ማይክል በክፉ ቀን ተነስቶ ያስቸገረበት ማክሰኞ ነው። ኮምፓስ ያገኛሉ፣ በኮምፓሱ የዓለምን አራት አቅጣጫ ይዞራሉ። በ1934 እትም በየአቅጣጫው የሚያገኟቸው ሰዎች ነበሩ፤ አሣሣላቸውም ያኔ የተለመደው የንቀት አሣሣል ነው፤ በተለይ የጥቁሮቹ። ትራቨርስ በ1967 ቋንቋውን ቀየረች። አልበቃም። በ1980 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወረደው። በ1981 ደራሲዋ ክፍሉን እንደገና ጻፈችው። ሰዎቹ ወጡና በምትካቸው እንስሳት ገቡ። ሥዕሎቹም ከጽሑፉ ጋር እንዲሄዱ ተቀየሩ። አንድ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አወረደ ማለት መጽሐፉ ታገደ ማለት አይደለም። ቅሬታው ግን ትክክል ነበር። ያለአግባብ ተነካ አልልም።

የእርስዎ ቅጂ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ስድስተኛውን ምዕራፍ ይክፈቱ። የዋልታ ድብ፣ በቀቀን፣ ፓንዳና ዶልፊን ካገኙ የታረመው ነው፤ ያለ ስጋት ያንብቡ። በነሱ ፋንታ ሰዎች ካገኙ አሮጌው እትም ነውና ያን ጉዞ ለልጅ አያንብቡ፣ ቅጂውን ይቀይሩ። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥበት የገዛ ሰው ይህን ሳያይ እንዳይጀምር። ምዕራፉን ሙሉ በሙሉ መዝለል ግን ያስቆጫል። ማይክል በመጨረሻ ኮምፓሱን ሰርቆ ለብቻው ሲሞክረው አራቱም በአንድ ጊዜ ይመጡበትና በፍርሃት ይጮኻል። ሜሪ ፖፒንስ አንድ ቃል ሳትናገር አልጋ ውስጥ ታስገባዋለች፤ ሞቅ ያለ ወተት ትሰጠዋለች። ያ ሁሉ ጥፋት ተረሳ። ለልጅዎ «ክፉ ናት» ለሚለው የተሻለ መልስ አላገኝላትም።

ሁለት ሌሎች ቦታዎች ላይ ጥንቃቄ ያድርጉ። ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ሚስስ ኮሪ የምትባል እጅግ ያረጀች የዝንጅብል ብስኩት ሻጭ አለች። ጣቶቿን ሰብራ ለሕፃናት ከረሜላ ትሰጣለች፤ ጣቶቿ እንደገና ይበቅላሉ። ልጅ ይህን ይወደዋል። ግን ግዙፍ የሆኑ ሁለት ሴቶች ልጆቿን በሰው ፊት ታዋርዳለች፤ መጽሐፉም ያስቅበታል። እኔ እዚያ ጋ ቆም ብዬ «ይሄ ደስ አይልም» እላለሁ፤ ከዚያ እቀጥላለሁ። ሌላው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ሜሪ ፖፒንስ ሳትሰናበት ትሄዳለች። ነፋሱ ጃንጥላዋን ይዞ ያነሳታል፤ ልጆቹ መስኮት ላይ ቆመው ያያሉ። ማይክል ያለቅሳል። ኮምፓሱን ትታለታለች፣ ለጄን ደግሞ ሥዕሏንና አጭር ወረቀት። ወረቀቱ ላይ ያለው ስንብት ዳግም እስክንገናኝ የሚል ነው። በቅርቡ ያሳደገቻት ሞግዚት ወይም አያት የተለየቻት ልጅ ከሆነች ይህን በእንቅልፍ ሰዓት አያንብቡላት። ቅዳሜ ቀን ያድርጉት፤ ጊዜ እንዲኖራችሁ።

በአማርኛ እያዞሩ ስለሚያነቡላት ደግሞ የኔን ሙያ የሚነካ ነገር አለ። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ «ዩ» ነው ያለው። አማርኛ ግን ያስመርጥዎታል። ጄንና ማይክል ሜሪ ፖፒንስን «አንቺ» ካሏት ወዲያው የቤት ሰው ትሆናለች፤ ቁጣዋም የቤት ሰው ቁጣ፣ ማለትም ክፋት ይመስላል። «እርስዎ» ይበሏት። ያኔ ኮስታራነቷ ቦታውን ያገኛል፤ አውቶቡሱ ውስጥ ሲደገፏትም ርቀቱ ምን ያህል እንደጠበበ ይሰማል። እሷ ለነሱ «አንተ»፣ «አንቺ» ትበል። እርስዎ ሲተርኩ «አለች» ይበሉ፤ «አሉ» ካሉ አሮጊት ትሆንብዎታለች። ስሟንም አያሳጥሩ። ልጆቹ ሁልጊዜ «ሜሪ ፖፒንስ» ነው የሚሏት፤ «ሜሪ» የሚላት እንደ አጎቷና እንደ ወዳጇ በርት ያለ የራሷ ሰው ነው። በነገራችን ላይ በርት ፊልሙ ውስጥ ጭስ ማውጫ ሲጠርግ የምናየው ሰውዬ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ዝናብ ሲሆን ክብሪት ይሸጣል፤ ፀሐይ ሲሆን አስፋልት ዳር ሥዕል ይሥላል። ሥዕሉ ውስጥ የሚገቡት ደግሞ እሱና እሷ ብቻ ናቸው። ልጆቹ የሉም። ልጅዎ እዚህ ላይ ቅር ሊላት ይችላል፤ አስቀድመው ይንገሯት።

ቅደም ተከተሉን እንደ ሕግ አይያዙት። መጽሐፉ 12 ምዕራፎች አሉት። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው በቀር እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ነው። የልጅዎን እምነት ለመመለስ ሦስተኛውን ጨርሳችሁ በቀጥታ ወደ አሥረኛው፣ ወደ ቀበቶው፣ ሂዱ። ከዚያ አሥራ አንደኛውን ከነጓንቶቹ። ከዚያ ተመልሳችሁ የቀሩትን ከአራተኛው ጀምራችሁ አንብቡ፤ አሥራ ሁለተኛውን ለመጨረሻ ጠብቁት። አንድ ማታ አንድ ምዕራፍ ይበቃል።

ተከታዮቹን ለመግዛት አይቸኩሉ። በጠቅላላው ስምንት መጻሕፍት አሉ፤ የመጨረሻው የወጣው በ1988 ነው። የ1935ቱን ሁለተኛ መጽሐፍና የ1943ቱን ሦስተኛ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በሁለተኛው በካይት ገመድ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲህ ያሉት አዲስ መምጣት የላቸውም፤ በነዚያ ሦስት ጉብኝቶች መሐል የተፈጸሙ ታሪኮች ናቸው። ጣዕማቸውም አንድ ዓይነት አይደለም።

ዛሬ ማታ ከአውቶቡሱ ይጀምሩ። ስትክድ የሚለውን አንዴ ይድገሙላት፤ ልጆቹ ተደግፈዋት እስከሚተኙበት ድረስ ግን አያቁሙ።